ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ሳይበሳ

ሰኞ

አልጮኽኩም። ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ማሳበቢያ ነው።

የግብርና መሥሪያ ቤታችን መጋዘን በር ዛሬ ጠዋት ተገንጥሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ታጣቂዎቹ ነዳጅ ይኖራል ብለው ነው የሰበሩት። የምን ነዳጅ! ያለው ባዶ ጀሪካን ነው፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ። ባዶ መሆኑን ሲያዩ ተሳድበው ተዉት። ከዚያ ሰፈሩ ገባ። ወልዲያ መብራት ከጠፋ፣ የቧንቧው ውኃም አብሮት ከጠፋ ሰነባብቷል። ሰው ከምንጭ ነው የሚቀዳው፣ ጀሪካን ደግሞ በገንዘብም አይገኝም። ሴቱም ወንዱም በሁለት እጁ አንጠልጥሎ እየሳቀ ሲወጣ ሰርግ ቤት ይመስል ነበር።

እኔ ማዶ አጥር ተደግፌ አያለሁ። ሻርፔን እስከ አፍንጫየ ስቤዋለሁ። በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ ቀደም ሲል «የዚህ ቢሮ ሠራተኛ ማነው?» ብሎ ጠይቆኝ «እኔ እንጃ፣ ውኃ ልቀዳ የወጣሁ ነኝ» ብየዋለሁ። እንግዲህ «ተዉ፣ አትውሰዱ» ብየ ብጮህ ሠራተኛዋ እኔው መሆኔ ነው።

ጎረቤታችን እትየ ሰዓዳ አይተውኝ አንዱን ዘረጉልኝ። «ሐያትየ፣ አንቺም ያዢ እንጂ! ላባትሽ ለውዱእ መታጠቢያ ይሆናቸዋል!»

«አለን፣ እትየ» አልኩ። ሄድኩ።

ለራሴ እንኳ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው። ጀሪካኖቹ የተባይ መድኃኒት የነበረባቸው ናቸው። የመርሳ፣ የግራናና የውርጌሳ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቾች ረጭተው የጨረሱት። ከጦርነቱ በፊት መመሪያ ወረደልን፦ ዕቃውን ወደ ገበያ ያወጣ ባዶውንም መልሶ ይሰብስብ። ወላሂ ወደድኩት። ገበሬው ባዶውን ቦይ ውስጥ ከሚጥለው፣ ያመጣው ነጋዴ ኃላፊነቱን ይውሰድ። የመድኃኒቱ አስመጪ ግን ቅድመ ሁኔታ አመጣ። መልሶ ሊሞላበት ስለሚፈልግ የተበሳ አልረከብም አለ። ታጥቦ፣ ወረቀቱ ተልጦ፣ ሳይበሳ ይምጣልኝ አለ። ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት መበሳት እንዳለበት ሥልጠና ላይ እኔው ራሴ አስተምሬያለሁ። ግን ሰውየው እንዳይሸሽብኝ ፈራሁና እሺ አልኩት። የመርሳን ገበያ በድምፅ ማጉያ እየዞርኩ «እጠቡት፣ ላጡት፣ እንዳትበሱት» ስል ከረምኩ።

ያኔ ጮኼ ነበር።

ሕዝቡ አመጣ። በአህያ፣ በባጃጅ። አስመጪው ግን ስደውልለት «በሚቀጥለው ወር» አለ። ደግሜ ደወልኩ፣ «በሚቀጥለው ወር።» ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፕላስቲክ የጠጣውን በመታጠብ አይተፋም፣ ይህን አውቃለሁ። አሁን ግን የዘይት ጀሪካን ነው የሚመስለው። የሞት ምልክት የነበረበትን ወረቀት በኔ ትእዛዝ ልጠውታል።

ለአባየ ልነግራቸው ነበር። ሶላት ላይ ነበሩ። ከሶላት ሲነሱ ደግሞ ድፍረቱ ጠፋኝ።

ማክሰኞ

ምንጩ ጋ ስደርስ የመሥሪያ ቤቴን ክምችት ፊቴ ተደርድሮ አገኘሁት። ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ክዳኑ የጠፋው በፌስታል የታሰረው። ቂጣቸው ላይ በእጄ የጻፍኩት ቀለም አለ፤ «መ» መርሳ፣ «ግ» ግራና፣ «ው» ውርጌሳ። ሴቶቹ ጀሪካናቸው እንዳይቀያየር በዚሁ ምልክት መለየት ጀምረዋል። «የኔ መ ነው» ትላለች አንዷ። ያ ረቢ።

እንደ ምንም ብየ «ይሄ ነገር ሽታ የለውም?» አልኩ።

እትየ ሰዓዳ ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ወዲያ! ውኃ ጠፍቶ ደግሞ ሽታ ታማርጫለሽ? እንኳን ቢሮሽ ተሰበረ! ይሄን ሁሉ ጀሪካን ቆልፈሽበት ኖሯል አንቺ ንፉግ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው፣ መሳቄ። በዚያች ሰዓት ብናገር እኮ ያበቃ ነበር። ግን ምን ብየ ልናገር? «ትናንት ስትወስዱ እያየኋችሁ ዝም አልኩ» ልበል? በየሰዓቱ ይከብዳል። ትናንት አንድ ቃል ነበር፣ ዛሬ ሙሉ ንግግር ሆኗል፣ ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ይወቅ።

እትየ ለተኪዳን ከሰው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። እትየ ለተ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ቤተሰባቸው ከትግራይ ነው የመጣ፣ እሳቸው ግን ወልዲያ ገበያ በርበሬና ጨው ሲሸጡ ነው ያረጁት። እናቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶው እስኪነሳ ከኛ ጋር መሬት የተኙ ሴት ናቸው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እሳቸው ሲደርሱ ወሬ ይቆማል። «የትግራይ ሰው የሰጣችሁን አትቅመሱ» የሚል የማይረባ ወሬም በሰፈሩ ይዞራል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ሰምቶታል። እሳቸውም ሰምተዋል።

ዛሬ «እንደምን አደራችሁ» አሉ። የመለሰ የለም። እኔ በአንገቴ መለስኩ። በአንገቴ ብቻ፣ ሌሎቹ እንዳያዩኝ።

ቆንጆ ሆኛለሁ በዚህ ሰሞን።

ረቡዕ

የዛሬውን ሳይድር ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ እትየ ለተ ውኃ አዝለው መጡ። ሴቶቹ ከተመለሱ በኋላ ነው ብቻቸውን የሚወርዱት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ዳገት። «ለሸህ ነው፣ ለሶላታቸው» አሉ። ሸህ የሚሏቸው አባየን ነው። «አንቺ ወገቤን ስትይ ሰምቼሻለሁ። ገልብጪና ዕቃውን መጥቼ እወስዳለሁ።»

«ምነው እትየ ለተ፣ እንዲህ እየደከሙ» አልኩ።

«ምን አለበት፣ የቆየ ነው የኛ ጉርብትና» ብለው ወጡ።

ጀሪካኑን አዘነበልኩት። ቂጡ ላይ «ግ» አለ። የኔው ጽሑፍ።

አባየ ለአሰር ሶላት ሊነሱ ነው። ብገለብጠው ይጠጡታል፣ ይታጠቡበታል። ላስቀምጠው ብል እትየ ለተ ዕቃውን ፈልገው ይመጣሉ። ተሸክሜ ጓሮ ወጣሁና ዘይቱኗ ዛፍ ሥር ደፋሁት። ያን ሁሉ ውኃ። መሬቱ ጠጥቶ አልጨረሰውም፣ ቀና ስል እትየ ለተ የጓሮው በር ላይ ቆመዋል።

መሬቱን አዩ። እኔን አዩ። መጥተው ጀሪካኑን ከእጄ ወሰዱ። ከታች ትንሽ ቀርቶ ነበር። አፋቸው ላይ ገለበጡና ጠጡት። እኔን እያዩ ጭልጥ አደረጉት።

«ይኸው» አሉ። «ምንም የለበትም።»

አፌን ከፈትኩ። «እትየ ለተ፣ እሱ አይደለም እኮ...» አልኩ።

«ምኑ ነው እሱ ያልሆነው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«በእናንተ ቤት እንኳ፣ ሐያት?» አሉ። ጀሪካኑን ይዘው ሄዱ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ሲያነሱት እጃቸውን መያዝ እችል ነበር። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። ለምን አልያዝኩም? ደርቄ ነው? ወይስ ያን ጊዜም ስለ ራሴ ነበር የማስበው? ንጹሕ መሆናቸውን ሊያሳዩኝ መርዝ ጠጡ፣ እኔም ቆሜ አየሁ። ሁለተኛየ ነው በዚህ ሳምንት፣ ቆሜ ሳይ።

አባየ «ዘይቱኗ ሥር ማን ውኃ ደፋ?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸው ባሰ።

ሐሙስ

ጠዋት በግድግዳው በኩል ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ዘልየ ወጣሁ። በራቸውን አንኳኳሁ፣ አልከፈቱም። በስንጥቁ በኩል ሁሉንም ነገርኳቸው። መድኃኒቱን፣ አስመጪውን፣ «ግ»ን፣ ሁሉን። «ከእርስዎ አይደለም፣ ከጀሪካኑ ነው። አፈር ስሆን ይመኑኝ፣ እንዳይጠጡበት» አልኩ።

ከውስጥ ድምፃቸው መጣ፣ የደከመ። «ጀሪካኑ ነው አልሽ?»

«ወላሂ ጀሪካኑ ነው።»

«ሰፈሩ ሁሉ በሱ ይቀዳ የለም እንዴ? ማክሰኞ አብረሻቸው ስትስቂ አይቼሻለሁ። የሰዓዳን ደፋሽ? የማንን ደፋሽ? የኔን ብቻ!»

ልክ ናቸው። ከእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምነኝም ነበር። የሁሉንም ካልደፋሁ የእሳቸውን ብቻ ነው የደፋሁት።

ስለዚህ ዛሬ ለሁሉም ተናገርኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም፣ ሌላ መንገድ ስለጠፋ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከአሰር በኋላ እኛ ቤት የዱዓ ጸሎት አለ። አባየ ናቸው የሚመሩት። ጦርነቱም አላስቆመውም። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፣ ሐጃ ያለው ሐጃውን፣ የጨነቀውን ይናገራል፣ ሰው አሚን ይላል። አንዷ የጠፋ ልጇን ተናገረች፣ አሚን። አንዱ የታመመች ላሙን ተናገረ፣ አሚን። እትየ ለተ ቀርተው አያውቁም ነበር፣ ዛሬ የእሳቸው ቦታ ባዶ ነው። ያችን ባዶ ቦታ እያየሁ ተነሳሁ።

«ከመጋዘኑ የወሰዳችኋቸው ጀሪካኖች የተባይ መድኃኒት ጀሪካኖች ናቸው። መርዝ ናቸው» አልኩ።

«አሚን» አሉ ጥግ ላይ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ።

ማንም አልሳቀም። ቀጠልኩ። ሰኞ ማዶ ቆሜ እንደነበር፣ እንደፈራሁ፣ ማክሰኞ እንደሳቅኩ። የእትየ ለተን ውኃ እንደደፋሁና እሳቸውን የጠረጠርኩ መስሏቸው የተረፈውን እንደጠጡት። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ብየ ጨረስኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ የተነሱት እትየ ሰዓዳ ናቸው። የሚቀልዱት እትየ ሰዓዳ አልነበሩም። «ያዢ ብየሻለሁ እኮ! በዚህ እጄ ዘርግቼልሻለሁ! አለን ነው ያልሽኝ። ለራስሽ አውቀሽ አልያዝሽም። እኔ ለአራስ ልጄ በሱ ውኃ አጥሚት ስሠራ ሰነበትኩ፣ አንቺ ታውቂ ነበር!»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ምነው ሐያት? ምነው?»

ምን ይባላል ለዚህ? ሰው ሊወጣ ተነሳ፣ አባየ ግን «ዱዓው ሳይዘጋ የሚሄድ የለም» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። ቀና ብለው አላዩኝም። «ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ ዝም ያለችውን አውፍ በላት» አሉ። ቆዩ። «እኛንም። ጎረቤታችን ሰላም ሲሉን ዝም ያልነውን፣ እኛንም አውፍ በለን።»

አሚን የሚለው ድምፅ ሳሳ፣ ግን አሉት።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢያችን በጀሪካን ሞላ። የአናጢ ምስማርና መዶሻ ይዤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን ከታች ከጎን ከጎን እወጋለሁ። ሰው ያስቀምጥና ይሄዳል፣ ሰላም የሚለኝ ጥቂት ነው። አንዱ ወጣት «እህታችን፣ መሰብሰቡ ይሄ ነው?» አለኝ። ይሄ ነው አልኩት። አስመጪው እንኳ አሁን ቢመጣ አይረከበኝም፣ ተበስቷልና። ብቻየን ፈገግ አልኩ፣ ከዚያ ፈገግታየ አሳፈረኝ።

ያላመጡም አሉ። አውቃለሁ እነማን እንደሆኑ። አንዷ ቤቷ ድረስ ብሄድባት «በምን ልቅዳ? በሻርፕሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መርዝ ነው ማለት ቀላል ነው፣ ዕቃ ከየት ይምጣ? መጨረሻ ላይ ያለው ለሌለው እንዲቀዳ ተስማሙ። እንስራ ያለው እንስራውን፣ ገንቦ ያለው ገንቦውን አወጣ። ሸክላ የሰቀሉ ቤቶች ሁሉ አወረዱ። አንድ ዕቃ ለሦስት ቤት፣ በተራ። እኔ የናቴን እንስራ አወጣሁ። ከሞተች ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም።

እትየ ሰዓዳ ዘግይተው መጡ። ምስማሩን ከእጄ ነጥቀው የራሳቸውን ጀሪካን ራሳቸው ወጉ። ሦስት አራት ጊዜ፣ በንዴት። «ልጅሽ እንዴት ናት?» አልኩ በፍርሃት። ‹ልጅዎ› ማለት ሲገባኝ አንቺ ማለቴን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት፣ እሳቸውም አላረሙኝም።

«አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ደህና ናት» አሉ። ከዚያ «ለተስ?» አሉ።

«ነገርኳቸው። አላመኑኝም።»

«ማን ያምንሻል አንቺን» አሉ። የተበሳውን ጀሪካን አንጠልጥለው እትየ ለተ በር ሄዱና በቡጢ መደብደብ ጀመሩ። «ለተ! አንቺ ለተ! እኔም የያዝኩት መርዝ ነው! ይኸው በስቼዋለሁ፣ ወጥተሽ እይ! ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ብቻ ክፈቺ!»

በሩ ተከፈተ። እትየ ሰዓዳ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ በግድግዳው በኩል የሁለት ሰው ለቅሶ ነው የሰማሁት። አንዳቸውም እኔን አልጠሩኝም። አልጠብቅምም ነበር። እዋሻለሁ፣ ጠብቄ ነበር።

ቅዳሜ

እትየ ለተ ትኩሳት የለባቸውም። ትውከቱም ቆሟል። ይህን የነገሩኝ እትየ ሰዓዳ ናቸው፣ ፊታቸውን አዙረው። የጠጡት ትንሽ ስለሆነ ይሆናል፣ ወይ ቀደም ብሎ ስለታጠበ። ወይ ነገ ይብሳል። ሐኪም ቤቱ ተዘርፎ ባዶ ነው፣ የምጠይቀው ሰው የለም።

ረፋዱ ላይ እየጠረግኩ ሳለ እትየ ለተ ገቡ። ከስተዋል። ጀሪካኑን ይዘዋል፣ «ግ» ያለበትን። ተበስቷል፣ በቢላዋ። ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት። ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንደምን አደሩ እትየ ለተ» አልኩ፣ በአፌ ሙሉ፣ መንገድ ድረስ እንዲሰማ።

«እግዜር ይመስገን» አሉ። አባየ ከውስጥ «ለተ፣ መጣሽ?» አሉ። «መጣሁ ሸህ» አሉ።

ከዚያ «ውኃ ስጪኝ» አሉኝ።

ከናቴ እንስራ ቀዳሁ። ጣሳውን አጥቤ፣ ደግሜ አጥቤ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። አልጠጡም። ውኃውን አዩት፣ ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ቅመሺልኝ» አሉ።

ጠላ ቤት ነው ይሄ የሚደረገው፣ ወይ የማያውቁት ሰው ቤት። ቀማሽ ቀምሶ ይሰጣል፣ ክፉ እንደሌለበት እንዲታይ። ጣሳውን ተቀብየ ቀመስኩ። እያዩኝ ዋጥኩት። መልሼ ሰጠኋቸው። እስከ ግማሹ ጠጡ። ቀሪውን ወደኔ ገፉት። ጨረስኩት።

«አውፍ በሉኝ» አልኩ።

«አብሽሪ» አሉ። የኛን ማጽናኛ ቃል ነው የተናገሩት፣ ሁልጊዜም ይናገሩታል። ግን ዛሬ ለሰላምታ ያህል ይሁን ከልብ፣ ልለየው አልቻልኩም። ተነሱና «ነገ የእንስራው ተራ ያንቺ ነው ብላኛለች ሰዓዳ» አሉ። «አብሬዎት እወርዳለሁ» አልኩ። በጓሮው በር ወጡ፣ ዘይቱኗ ሥር ሲደርሱ እግራቸውን አንስተው ዞር ብለው አለፉ።

ነገ እወርዳለሁ። ሴቶቹ እትየ ለተን ሰላም ይሏቸው እንደሆነ አላውቅም፣ የቀሩት ጀሪካኖችም እነማን ቤት እንዳሉ አውቃለሁ፣ እየዞርኩ አንኳኳለሁ። በሌላው ሁሉ ቀለል ብሎኛል። ግን እትየ ለተ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤታችን ሲገቡ ሲወጡ፣ እናቴ የሰጠቻቸውን ሁሉ ሲጠጡ፣ አንድም ቀን «ቅመሺልኝ» ብለው አያውቁም ነበር።